ጥር ላይ ለከብት የትኛው ቅጠል ይቆረጥ?

ጥያቄው የመጣው ሰኮሩ፣ ከጊቤ ቆላ ዳር ከሚኖሩ አርሶ አደር ነው። «ጥር ሲገባ ሳሩ ደርቆ እንጨት ይሆናል። ገለባ እየሰጠኋቸው እንኳ ላሞቼ ጎድናቸው ይቆጠራል። ፍየሎቼ ግን ቁጥቋጦ እየቀነጠሱ ደህና ናቸው። ለላሞቹም ቅጠል ብቆርጥ ይሆናል? የቱን? መቼ?» ይላሉ።

ፍየሎቹን ልብ ማለትዎ ደስ ብሎኛል። መልሱ እነሱ ጋ ነው።

የደረቀ ሳር ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 ያልበለጠ ፕሮቲን ነው ያለው። የጤፍ ገለባና የበቆሎ አገዳም ከዚያ አይሻሉም። ላም የበላችውን የሚያብላሉላት ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ህዋሳት ናቸው። እነሱ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ይደክማሉ። ገለባው ሳይብላላ ሆዷ ውስጥ ይከርማል። ቦታ ስለሌላት መብላት ትተዋለች። ገለባ ፊቷ ተከምሮ የምትከሳው ለዚህ ነው።

የመኖ ዛፍ ሥሩ ጠልቆ እርጥበት ስለሚያገኝ በበጋም ቅጠሉ እንደ ሳር አይደርቅም። ለመኖ የሚተከሉት የሰስባንያና የሉኪንያ ዛፎች ቅጠል ከመቶ 20 በላይ ፕሮቲን አለው። ጓሮዎ ያለው ግራዋ፣ እናንተ ኢቢቻ የምትሉት፣ ወደዚያ ይጠጋል። መራራ ነው፤ ግን ከገለባ ጋር ከተቀላቀለ ቀስ በቀስ ይለምዱታል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የዛፉን ስም ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው የቅጠሉን ዕድሜ ነው። ያው ዛፍ ለጋ ሲሆንና ሲያረጅ ሁለት የተለያየ መኖ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የቆየ ቅጠል ታህሳስ ላይ ጠንክሯል፤ ፕሮቲኑ ቀንሷል፣ ቃጫው በዝቷል። ስለዚህ ሰስባንያዎን መስከረም ላይ አንዴ ይቁረጡት። ህዳርና ታህሳስ ላይ የሚያገኙት አዲስ ያቆጠቆጠው ይሆናል። ሲቆርጡ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍም ይተዉለት። ሰስባንያ ከተመለጠ ይደርቃል።

የመስከረሙ ቅጠልም አይጣል። ጥላ ስር፣ ሸራ ላይ ይዘርጉት። ፀሐይ ቫይታሚኑን ያቃጥለዋል። እያገላበጡ ሲደርቅ ቅጠሉ ከእንጨቱ ይራገፋል። በጆንያ ሞልተው ጥር ላይ ያውጡት።

የዱር ቁጥቋጦው ጠባይ ይለያል። ብዙ የቆላ ዛፎች በጋ ላይ ቅጠላቸውን አራግፈው ዝናቡ ሳይጥል ለጋ ያወጣሉ። ያ ለጋ ጥሩ ነው። አባሎን የመሰሉት ግን ታኒን አላቸው፤ አፍ የሚያጣብቀው ነገር ማለት ነው። ታኒን ሲበዛ ፕሮቲኑን አስሮ ይይዘዋል፣ ከብቱም እንደበላ አይቆጠርም። ፍየል ከላም የተሻለ ትችለዋለች። ለላም ከአንድ ዛፍ ብቻ አያብዙ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ይቀላቅሉ። የግራር ፍሬ ከወደቀ ይልቀሙ። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ሳይወቀጥ ከተሰጠ ብዙው ከእበት ጋር ተመልሶ ይወጣል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ቅጠል ከምትበላው ከሲሶ አይለፍ። 250 ኪሎ ለምትመዝን ላም በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ይበቃታል። በአንድ ኪሎ ይጀምሩ፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ያድርሱት። ቅጠሉ ለሁሉም ካልበቃ ቅድሚያ ለወተት ላሟ ነው።

ሉኪንያን ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይስጡ። ውስጡ ያለው መርዝ የጋማና የጭራ ፀጉር ያረግፋል። ሰስባንያም ለጫጩት አይሆንም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የጊቤ ቆላ የቆላ ዝንብ አገር ነው። ከከሱት መካከል ፀጉሯ የቆመ፣ ትኩሳት የሚመላለስባት ወይም የምታስወርድ ካለች ዝንቡ የሚያስተላልፈው በሽታ፣ ገንዲ ሊሆን ይችላል። ያን ቅጠል አያድነውም። ደሟን ያስመርምሩ፤ መድኃኒትም ከገበያ በግምት ገዝተው አይውጉ። ምርመራውን ከቅጠሉ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ያድርጉት።