ከኪንግስተን የመጣ ሸክላ ድምፁ ሲዋልል

ጥያቄው ባጭሩ፦ አንባቢያችን እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1968 ጃማይካ ውስጥ የታተሙ ባለ 7 ኢንች የሮክስቴዲ (የጃማይካ የሙዚቃ ስልት) ሸክላዎች ገዝተዋል። ዘፋኙ ድምፁን ሲስብ ይዋልላል፣ ማለትም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ደግሞ ይብሳል። ትልልቆቹ አልበሞች ግን ደህና ይጫወታሉ። የማጫወቻውን ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞርበትን ጎማ፣ ቀይረው ለውጥ አላገኙም። አንድ ጠጋኝም መርፌውን በያዘው ክንድ ራስ ላይ ሳንቲም ለጥፎላቸዋል።

ሳንቲሙን አሁኑኑ ያንሱት። ክብደቱ መርፌው የሚሄድበትን ቦይ ይፍቀዋል፣ የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይመለስም። መዋለሉን ሊያቆም እንደማይችል እያወቁ እንዲህ ያለ ነገር መለጠፍ ጥገና አይባልም። የመርፌውን ክብደት የካርትሪጁ (መርፌው የተተከለበት ክፍል) አምራች ወዳዘዘው ግራም ይመልሱ።

እኔ የምጠረጥረው የሸክላውን የመሐል ቀዳዳ ነው። አልበሞቹ ካልዋለሉ ሞተሩንና ቺንጋውን ለጊዜው ይተዉአቸው። በደቂቃ 45 ዙር ፍጥነት አንድ ዙር 1.33 ሰከንድ ስለሚፈጅ በ4 ሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚዋልል ከሆነ ጥፋቱ ከሸክላው ጋር ይዞራል ማለት ነው። ክንዱን ፊት ለፊት ይዩት። ግራና ቀኝ ከሄደ ቀዳዳው ከመሐል ወጥቷል፤ ላይና ታች ከዘለለ ሸክላው ተጣሟል።

የጃማይካ ባለ 7 ኢንች ቀዳዳው 38 ሚሊሜትር ስለሆነ ያለ አዳፕተር (ሰፊውን ቀዳዳ በማጫወቻው ዘንግ ልክ የሚሞላ ቁራጭ) መሐሉን አይዝም። የጃማይካዎቹ አሳታሚዎች የስቱዲዮ ዋንም ሆነ የትሬዠር አይል ሸክላ ሲታተም መሐሉን መሳቱ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ የሚሸጠው ርካሽ የፕላስቲክ አዳፕተር ልኩ ጠቦ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል። ሁሉም ባለ 7 ኢንች ሸክላ ከዋለለ አዳፕተሩ ነው፤ ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር ጠቅልለው ያጥብቁት። አንዳንዱ ብቻ ከሆነ ሸክላው ራሱ ነው።

መጨረሻው ላይ ለምን ይብሳል? ቦዩ ከዘንጉ በራቀ ጊዜ በመርፌው ሥር ፈጥኖ ያልፋል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ሲቀርብ ይዘገያል፣ ይወፍራል። ቀዳዳው 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ሳተ እንበል። ዘፈኑ ሲጀምር መርፌው ከመሐል 84 ሚሊሜትር ያህል ስለሚርቅ ፍጥነቱ 0.6 በመቶ ከፍ፣ 0.6 በመቶ ዝቅ ይላል። መጨረሻው ላይ ርቀቱ ወደ 54 ሚሊሜትር ሲወርድ ያው ግማሽ ሚሊሜትር 0.9 በመቶ ይሆናል። ከፍና ዝቁ ሲደመር 1.8 በመቶ ግድም ነው፤ አንድ ሰሚቶን (የፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች ልዩነት) 6 በመቶ ግድም ስለሆነ ሲሶው ማለት ነው። ከበሮ ላይ አይታወቅም። ሮክስቴዲ ግን ከስካ (ከእሱ ከቀደመው የጃማይካ ስልት) ቀዝ ያለ፣ ሦስት ድምፅ ተቀናጅቶ ረዥም የሚስብበት ሙዚቃ ነውና ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

አሁን አዳፕተሩን ያውጡና ሸክላውን በጎማ ምንጣፍ ላይ በዓይን ግምት መሐል ያስቀምጡት፤ የጨርቁ ምንጣፍ ያንሸራትታል። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይዝጉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ። መርፌውን ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ያለው ቦይ ላይ ያሳርፉና ሳህኑን በእጅዎ ወደ ፊት ብቻ፣ በቀስታ ያዙሩት። ክንዱ ወደ ውጭ ጠርዝ በጣም የወጣበት ቦታ ላይ ያቁሙ። መርፌውን ያንሱ፤ ሸክላውን መርፌው ካለበት በኩል ወደ ዘንጉ ይግፉት። የሚገፉት ያዩትን ውዝዋዜ ግማሽ ነው፤ ክንዱ 2 ሚሊሜትር ከሄደ 1 ሚሊሜትር። ሦስት አራት ጊዜ ከደገሙት ክንዱ ቀጥ ይላል። መርፌው ተቀምጦ ሳለ በጭራሽ አይግፉ። ቀዳዳውን በሞረድ የሚያሰፉ አሉ፤ የሸክላውን ዋጋ ይገድሉታል፣ መሐሉንም አያገኙትም።

መዋለሉ ከሸክላው ዙር ጋር የማይገጥም ከሆነ ብቻ ወደ ሞተሩና ወደ ቺንጋው ይሂዱ። ርካሽ ቺንጋ መጋጠሚያው ላይ ስለሚያብጥ በጣትዎ ዳብሰው ይፈትሹት፤ ቺንጋው የሚዞርበትን የሞተሩን ፑሊም በአልኮል ይጥረጉ። ግን ሳህኑን ከማንሳትዎ፣ የታች ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። ሶኬታችን ተገልብጦም ስለሚገባ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን (ኃይል የማያመጣውን ሽቦ) ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማጫወቻው ጠፍቶም 220 ቮልት ውስጡ አለ። ይንቀሉት፣ መሰኪያውን ከፊትዎ ያስቀምጡት፣ ከዚያ ይፍቱ።