የአማቴ ግራሞፎን ለምን «ዷ» ይላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ ነው የምንኖረው። አማቴ ሲያርፉ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎንና አንድ ሣጥን ሸክላ ትተውልናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ልንጠግነው ተነሣን። ስንጠመዝዘው ውስጡ «ዷ!» ይላል፤ ሲዘፍንም ይነዝራል። የሠፈራችን አናጢ «ሣጥኑን ፍቄ አዲስ ላድርግላችሁ» ይላል። የነጥላሁንን ትናንሽ ሸክላዎችስ ብናጫውትበት?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አናጢውን አመስግነሽ መልሺው። እንጨቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት ካለ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በለስላሳ ጨርቅ ወልውለሽ ሰም ቀቢው፣ በቃ።

«ዷ» የሚለው ሞላው ነው። ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለለ ረጅም የብረት ጥብጣብ ነው፤ የድሮ ግሪሱ እንደ ሙጫ ሲደርቅበት እርስ በርሱ ይጣበቅና ድንገት ሲላቀቅ ይጮኻል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ አዲስ ግሪስ ይፈልጋል። ይሄን ግን ልጆች እንዳይነኩት! ከመፈታቱ በፊት ሞላው እስኪያልቅ መሽከርከር አለበት። እኔ ዕድሜዬን በሰዓት ጥገና ነው የገፋሁት፣ ሞላ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ የግራ አውራ ጣቴ ጠባሳ ግን የግራሞፎን ሥራ ነው። ካልደፈራችሁ ለሚያውቅ ስጡት።

የሚነዝረው ደግሞ መርፌው የሚሰካበት ክብ ራስ ነው። ውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የሚርገበገብ ስስ ንጣፍ አለ፤ ዙሪያውን የያዘው ጎማ ድንጋይ ሆኖባችኋል። እኔ የብስክሌት ቫልቭ ቀጭን ጎማ ቆርጬ ተክቻለሁ፣ እስካሁን አላሳፈረኝም።

ለልጆቹ ደስ የሚል ሥራ አለ። ከሸክላው ጠርዝ ሥር ነጭ ወረቀት አስገቡና በስልክ ደቂቃ ይዘው ዙሩን ይቁጠሩ፤ 78 መሆን አለበት። የልጅ ልጄ መጀመሪያ 84 ቆጠረች፤ ዘፋኙ አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ይመስል ነበር! የፍጥነት መቆጣጠሪያዋን ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ።

የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ አንድ ነው፤ ሸክላው ራሱ ይሞርደዋልና አትሰስቱ። ሸክላ ስታጸጂ አልኮል እንዳታስነኪው። የድሮው ሸክላ ማያያዣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ስለሆነ በአልኮል ይሟሟል፤ እኔ አንዱን ስጠርገው ዘፈኑ ጥቁር ሆኖ ከጥጡ ጋር መጣልኝ። ለብ ያለ ውኃና ጠብታ ሳሙና ይበቃል፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ግን አይራስ። የአዳማ ሙቀት ያጣምመዋል፤ ከመስኮት አርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

የነጥላሁንን ትናንሾቹን በፍጹም! እነሱ በደቂቃ 45 የሚዞሩ የፕላስቲክ ሸክላዎች ናቸው፤ አምሐ ሬከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውም እንዲሁ። የግራሞፎኑ ከባድ ክንድ እንደ ማረሻ ያርሳቸዋል፤ በኤሌክትሪክ ማጫወቻ ስሟቸው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ያስቀረጹት ዓይነት ሸክላ ከሣጥኑ ከወጣ ግን መርፌ ሳታስነኩት ጻፉልኝ።