«የኛ ዶክተር»፦ ስለ ድሮው የጅማ ህክምና ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ጅማ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ በመንግሥት ቤት፣ በኋላ በአንድ ዶክተር የግል ክሊኒክ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ጠይቁኝ ስል ግን ይህን ያህል ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ አገር የቤተሰብ ሐኪም የሚባል ነገር ነበር እንዴ? ወይስ የፈረንጅ ፊልም ላይ ብቻ ነው?

መልስ፦ ስሙ አልነበረም፣ ሰውየው ግን ነበር። «የኛ ዶክተር» ይባል ነበር። በትምህርት ደረጃ የቤተሰብ ህክምና ስፔሻሊቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ሰው ሦስት ዓመት ይጨምርበታል። እኔ የማወራው ከዚያ በፊት ስለነበሩት ነው፦ ስለ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ስለ ጤና መኮንኑ፣ ስለ ድሬሰሩ (ቁስል ጠራጊና መርፌ ወጊው)። ድሬሰር ስል ከንፈራችሁን እንዳታጣምሙ። ስንቱ ቤተሰብ «ሐኪሜ» እያለ ያረጀው ድሬሰሩን ነው።

ጥያቄ፦ የጅማን ሆስፒታል ጣሊያን ነው የሠራው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1930 ዓ.ም ለወታደሮቹ ብሎ ነው ያቋቋመው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ «ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል» ተባለ። ይሄ ስም ሁሌም ይገርመኛል። ራስ ደስታን በ1929 ዓ.ም የገደሏቸው እነዚያው ጣሊያኖች ናቸው። የገነቡት ቤት የሟቹን ስም ተሸክሞ ቀረ። በደርግ ጊዜ «ጅማ ሆስፒታል» ሆነ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው ነው።

ጥያቄ፦ የግል ክሊኒኮች መቼ በዙ?

መልስ፦ በደርግ ጊዜ የግል ህክምና ብዙም መላወሻ አልነበረውም። በሩን የከፈተው ከደርግ በኋላ የወጣው የጤና ፖሊሲ ነው፣ የግሉን ዘርፍ ያበረታታል። ከዚያ በኋላ አነስተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ክሊኒክ የሚሉ ታፔላዎች በየመንገዱ ተሰቀሉ። የኛም ዶክተር ያኔ ነው የራሱን የከፈተው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር።

ጥያቄ፦ አንድ ሐኪም ያን ሁሉ ቤተሰብ እንዴት ያስታውሳል? ወላጆቼ «ሲያየን ነው የሚያውቀን» ይላሉ።

መልስ፦ ማስታወሱ ግማሹ የሱ ነው፣ ግማሹ የካርድ ክፍሏ። የአንድ ቤት ካርዶችን ባንድ ላስቲክ እናስር ነበር። ልጁ በትኩሳት ሲመጣ የእናቱም የአያቱም ካርድ አብሮ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ዶክተሩ ልጁን እያዳመጠ «እናትህ የስኳር መድኃኒቷን እየወሰደች ነው?» ይላል። ሰው «አወቀኝ» የሚለው ይሄን ነው።

ችግር የመጣው በስም ነው። ጅማ ላይ መሐመድ አህመድ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን እኔው ራሴ የአንዱን ካርድ ለሌላው አወጣሁ። ሰውየው ፔኒሲሊን የማይስማማው ነበር፣ ያወጣሁት ካርድ ላይ ግን አልተጻፈም። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ዶክተሩ ቀና ብሎ «ይሄ ካርድ እኮ የሰርቦው ሰውዬ አይደለም» አለኝ። ሰርቦ ጅማ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስሙ አጠገብ የእናት ስምና ሰፈር መጻፍ ጀመርን።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሌለውስ እንዴት ይታከም ነበር?

መልስ፦ በዱቤ። ደብተር ነበረን፣ ጀርባው የተቀደደ። ከስሙ ፊት ለፊት ብዙውን ጊዜ ቀን አይጻፍም፣ «ቡና ሲደርስ» ነው የሚጻፈው። የሚገርመው ነገር ወባም የሚብሰው ያኔ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ። ቡና ለቀማውም እዚያው ላይ ነው። ሰው የሚታመመው ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ እጁ ላይ ብር ይገባል። ከፍለው የማያውቁም ነበሩ። ዶክተሩ በዓመቱ መጨረሻ ስማቸው ላይ መስመር ያሰምርና ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ የድሮ ሰው ለምንድነው ካልተወጋሁ አልታከምኩም የሚለው?

መልስ፦ ሃሃ፣ ይሄን ስንት ሰው ጠየቀኝ! መርፌ ሲያድን ስላየ ነዋ። በፔኒሲሊን ሰው ከሞት ሲነሳ ያየ ትውልድ ኪኒን ስትሰጠው ያዝንብሃል። መርፌው ደግሞ የዛሬው ዓይነት አንዴ ተወግቶበት የሚጣል አልነበረም። ሲሪንጁ መስታወት ነው። የላምባ ምድጃ ላይ በብረት ሳህን እንቀቅለዋለን፣ መርፌው ሲዶለዱም በድንጋይ እንስለዋለን። አዎ፣ በድንጋይ። ያመማል? ያማል። ሰዉ ግን ሕመሙንም ከመድኃኒቱ ይቆጥረዋል።

ጥያቄ፦ የህክምና ተማሪ ነኝ። የኛ ዩኒቨርሲቲ ለከተማው ህክምና ምን ለወጠ ይላሉ?

መልስ፦ ብዙ ለውጧል። ጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፣ በ1992 ዓ.ም ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የተለየ የሚያደርገው ተማሪውን ገና ከጅምሩ ወደ መንደር መላኩ ነው። ሲቢቲፒ ትሉታላችሁ፣ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ማለት ነው። ተማሪው በየቤቱ ይዞራል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ውኃው ከየት ይቀዳል እያለ ይመዘግባል። በቲቲፒ፣ በቡድን ሥልጠናው ማለት ነው፣ ደግሞ የሐኪሙም የነርሱም የላቦራቶሪውም ተማሪ አንድ ላይ ወደ አጋሮና አሰንዳቦ ከተሞች ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ እናቶች «እነዚህ ልጆች ቀበሌ ናቸው ወይስ ሐኪም?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። አንተ ሁለቱንም ሥራ እየሠራህ ነው፣ አትማረር።

ጥያቄ፦ ጤና ኤክስቴንሽኖች የቤተሰብ ሐኪም ማለት ናቸው?

መልስ፦ ሐኪም አይደሉም፣ ቤተሰቡን በማወቅ ግን ከሐኪም ይበልጣሉ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ነበር የተመደቡት፣ ቀበሌው 5,000 ሰው ገደማ ነው። አንድ ነገራቸውን እወድላቸዋለሁ፦ የቤተሰብ ፎልደር። አንድ ቤት፣ አንድ ፎልደር። የኛው ላስቲክ ነው በወረቀት የመጣው።

ጥያቄ፦ ጤና መድን ጅማ ዞን ቀድሞ ገባ የሚባለውስ?

መልስ፦ ልክ ነው። በ2003 ዓ.ም ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ሊሙ ኮሳ ነበር። የሚመዘገበውም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተሩ ሌላ አገር ተወላጅ ከሆነ በቋንቋ እንዴት ይግባባሉ?

መልስ፦ በኔ! በኦሮምኛ «ማልቱ ኢሲን ዱኩባ?» ማለት ቶሎ ተማረ፣ ምን አመመዎት ማለት ነው። መልሱ ሲመጣ ግን ወደኔ ይዞራል። አማርኛውም ቢሆን ቀላል አይደለም። «ልቤን» ያለ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም፣ ጨጓራው ሊሆን ይችላል። «ኩላሊቴን» ሲል ወገቡን ይዟል። አዲስ ሐኪም በዚህ ስንት ጊዜ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ካርዶቹ የት ገቡ? የኛም ቤት እዚያ ነበር።

መልስ፦ ዶክተሩ አረጀ፣ ልጆቹ ሌላ ሙያ ያዙ፣ ቤቱም የኪራይ ነበር። ስንዘጋ ሰው እየመጣ ካርዱን ጠየቀ፣ ሰጠነው። የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከተረፈው ብዙው ጣሪያው አፍስሶ በስብሷል፣ የናንተንም ብትፈልጊ የምታገኚ አይመስለኝም፣ እህቴ።

አንዲት ሴት ግን የሟች እናቷን ካርድ ወሰደች። የዶክተሩን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አቃታትና «አንብብልኝ» አለችኝ። የመጨረሻው መስመር ደም ግፊት 150 በ90 ይላል። ከሥሩ ጨው እንድትቀንስ ተነግሯታል የሚል ተጽፏል።

«አልቀነሰችም» አለችና ሳቀች። ካርዱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።