አንዴ ከተሰላ ለምን ሁለቴ?

አንዲት ወጣት ኮምፓይለር (የተጻፈን ፕሮግራም ማሽን ወደሚያሄደው ኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም) ሠሪ በቀደም ዕለት «ፈንክሽኖቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት ግብዓት ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ከመስጠት ሌላ ምንም ካልነኩ፣ ሁለት ቦታ የተጻፈን አንድ ዓይነት ስሌት አንዴ ብቻ ማስላት ምን ጉዳት አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። እኔ በእሷ ዕድሜ «ምንም» ብዬ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ያኔ እንደ ሃስኬል፣ ነገሩ እስኪፈለግ ድረስ ለማያሰላ የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር እንሠራለን። ተደጋጋሚ ስሌቶችን አድኖ አንድ ስም የሚሰጥ ደረጃ ጨመርኩበት፤ ኮራሁም። በሳምንቱ አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ አምስት መስመር የማይሞላ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ያለውን ሊስት ይደምራል፤ ያንኑ ሊስት እንደገና ጽፎ ርዝመቱን ይቆጥራል። የሜሞሪውን ግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። መሬት ለመሬት ይሄድ የነበረው መስመር ሽቅብ ወጥቶ ጫፉ ላይ ተቆርጧል።

«መልሱ ተሳስቷል?»

«መልስ ላይ አልደረሰም፤ ሞተ።»

«በትንሽ ቁጥርስ?»

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው ፕሮግራምህን አስተካክል» አልኩት። ግራፉን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስህተት ሲያገኝ ወደ እኔ መምጣቱን ተወ።

ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን መካከለኛ ኮድ በእስክሪብቶ እየተከተልኩ ሳነብ ነው። ሊስቱ ሁለቴ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሕዋስ (ወደ አንድ ቁጥርና ወደ ቀጣዩ ሕዋስ የሚጠቁም የሊስቱ ክፍል) ይፈጠራል፣ ይደመራል፣ የማይፈለግ ሜሞሪን ለሚያስለቅቀው ጋርቤጅ ኮሌክተርም ወዲያው ይለቀቃል። አንድ ስም ስሰጠው ግን ደማሪው ጨርሶ ያለፈውን ሁሉ ቆጣሪው ገና ይፈልገዋልና የሚጣል ጠፋ። በዛሬው 64 ቢት ማሽን ለሕዋሱ 24 ባይት፣ ለቁጥሩ 16 ባይት ያዙ፤ በ10 ሚሊዮን ሲባዛ 400 ሜጋባይት ነው። አንዲት ማባዛት ነበረች የቀረችኝ። የሃስኬሉ ኮምፓይለር ጂኤችሲ በዚህ ዓይነት ማዋሃድ ቁጥብ የሆነው ለዚሁ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፊሊፕ ዋድለር በ1988 በስሌት መሃል ብቻ የሚፈጠሩ ሊስቶችንና «ዛፎችን» (ቅርንጫፍ ያላቸውን የዳታ ቅንብሮች) ከነጭራሹ የሚያስቀር ዘዴ አቅርቦ «የደን ምንጠራ» ብሎታል። ስሙ ዛሬም ያስቀኛል። እኔ ተቃራኒውን ሠራሁ፤ ደን ተከልኩ።

የዛሬ ልጆች የኮምፓይለሩን የኦፕቲማይዜሽን (ፕሮግራም የማፍጠኛ) ቁልፍ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሰዓቱን አንዴ አይታችሁ ትፎክራላችሁ። ሜሞሪውንም ለኩ። እርግጥ እኔ ጥፋቴን ያገኘሁት በንባብ እንጂ በመለካት አይደለም። የለካው ያ ባልደረባዬ ነበር።

ለጠያቂዬ የላክሁላት ያንኑ ፕሮግራም ነው። ግራፉን ራሷ ታውጣው።