ከማካፈል በፊት፦ ስለ 2,147,483,647 ለወጣቶች

ለሒሳብ ወዳጅ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ሒሳብ በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ምክሬን በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ላሳርፍ። ሠላሳ አንድ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ 2,147,483,647 ይገኛል። ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ለማንም ያለ ቀሪ ስለማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ይህን ዓይን ሳይጨፈን ይነግራችኋል፤ እኔም ኮምፒዩተሩን ተዉት አልልም። ነገር ግን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር፣ የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1772 እንዴት እንደደረሰበት ረጋ ብላችሁ እንድትመረምሩ እሻለሁ።

የተለመደው መንገድ እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም እስከ 46,340 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እያካፈሉ መሞከር ነው፤ እነዚህም ከ4,000 ይበልጣሉ። ኦይለር ግን አስቀድሞ፣ አካፋይ ቢኖረው ያ አካፋይ ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን ይገባል ብሎ ጠየቀ። 31 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፈርማ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ካወጣው ሕግ በመነሣት፣ ከማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ሲቀነስ የሚተርፈው ለ62 (ለ31 እጥፍ) ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ያው አካፋይ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 ከመሆን አያልፍም። ሁለቱ ግዴታዎች ሲጣመሩ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ለፈተና ይቀርባሉ፤ 1ን ትተን እስከ 46,340 ያሉት 373 ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ እንደ 63 ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ሳይሞከሩ ይወድቃሉ። የቀሩትን በእጅ ማካፈል አድካሚ ቢሆንም የሚቻል ሥራ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ ቁጥሩን ያለ ቀሪ አላካፈለም።

መልኩን ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። 11ም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ሆኖም አሥራ አንድ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23ና የ89 ብዜት ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ይህን ያህል ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር ያስገኛሉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል 67 ይገኝበታል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 ይህ ስሕተት መሆኑን አካፋዮቹን ሳያገኝ አረጋገጠ (ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ይደንቀኛል)፤ አካፋዮቹን 193,707,721ንና 761,838,257,287ን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ኮል ያቀረበው በ1903 ነው። ስለዚህ የታላቅ ሰው ቃል ቢሆንም ማረጋገጫውን ሳታዩ አትቀበሉ።

ዘዴውን በእጃችሁ ለመሞከር ከ8,191 ጀምሩ፤ ይህም ከአሥራ ሦስት ሁለቶች የሚገኘው ነው። ስኩዌር ሩቱ ከ91 ያንሳል፤ እዚህ ላይ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ ለ26 (ለ13 እጥፍ) መካፈል ስላለበት የሚቀርቡት 27፣ 53ና 79 ብቻ ናቸው፤ የ8ቱን ግዴታ የሚያሟላውም 79 ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አካፍሉ፤ 103 ደርሶ 54 ይተርፋል።