የማዕዘን ስህተት ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ

ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ተሸክሜ መሃል አዲስ አበባን ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ባለ 5 ነጥብ ዝግ ትራቨርስ (ዞሮ መነሻው ላይ የሚዘጋ የነጥቦች ልኬት) ሠርተን የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር 540 ዲግሪ ከ40 ሰከንድ መጣ። እንድገመው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ፣ አትድከሙ። ከጎኖቹ ብዛት 2 ቀንሳችሁ በ180 ስታበዙ 540 ነው የሚመጣው፣ የተረፈችው 40 ሰከንድ ናት። የተሰጣችሁ ገደብ 20 ሰከንድ በነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ከሆነ ወደ 45 ይፈቀድላችኋል። ከየማዕዘኑ 8 ሰከንድ ቀንሱና አዚሙዝ (ከሰሜን ተነስቶ የሚለካ የአቅጣጫ ማዕዘን) ወደ ማስላቱ እለፉ።

ጥያቄ፦ የኛ ባለ 4 ነጥብ ነው፣ 6 ደቂቃ ሳተ። አካፍለን ብንገላገልስ?

መልስ፦ እንዳታደርጉት! ጤነኞቹን ማዕዘኖች ማሳመም ነው። የሆነ ቦታ ሌላ ፕሪዝም (ነጥቡ ላይ የሚቆም አንጸባራቂ ዒላማ) አይታችኋል ወይ ቁጥር ገልብጣችሁ ጽፋችኋል። ምንም ሳታስተካክሉ ኮኦርዲኔቱን (የየነጥቡን መገኛ ቁጥር) አንዴ ወደፊት፣ አንዴ በተቃራኒው ዙሩና አስሉ። ስህተቱ አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከሆነ፣ በሁለቱም ስሌት ኮኦርዲኔቱ የሚገጥመው ነጥብ ነው ጥፋተኛው። እሱን ብቻ ሄዳችሁ ለኩ።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የኔ በምን ልወቅ?

መልስ፦ መነጽሩን ገልብጠህ፣ መሣሪያውን አዙረህ ያንኑ ነጥብ ድገመህ ለካ። ፌስ ሌፍት (ከመገልበጡ በፊት) 45 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ፌስ ራይት (ከተገለበጠ በኋላ) 225 ከ10 ከ44 አነበብክ እንበል። 180ውን ስትቀንስ ልዩነቱ 24 ሰከንድ ነው፣ አማካዩ 32 ላይ ይውላል። በየነጥቡ 24 አካባቢ ከመጣ ኮሊሜሽኑ (የመነጽሩ የእይታ መስመር መዛባት) ነው፣ አማካዩ ያጠፋዋል። አንዴ 5፣ አንዴ 40 ከሆነ ግን ይቅርታ፣ አንተ ነህ፣ ወይ ትራይፖድህ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው) ላልቷል። ውሃ ልኩ ከመሃል ከወጣ ደግሞ መገልበጡም አያድንህም።

ጥያቄ፦ ቅያስ ውስጥ ስንገባ ብቻ ነው የሚበላሽብን፣ ለምን?

መልስ፦ ጎኑ አጭር ስለሆነ ነዋ። ፕሪዝሙ ከነጥቡ 2 ሚሊ ወደ ጎን ቢሸሽ በ200 ሜትር 2 ሰከንድ ነው፣ በ20 ሜትር ግን 20 ሰከንድ ይሆናል። ቸርችል ጎዳና ላይ ረጅም እይታ አለህ፣ ከፒያሳ ጀርባ ግን አጥርና ግንብ ነው። አንድ ጠዋት ሙሉ ማዕዘን አልዘጋ ብሎኝ ዞር ብዬ ባይ፣ ረዳቴ በአንድ እጁ የፕሪዝሙን ዘንግ፣ በሌላው ማኪያቶ ይዟል። ከዚያ ወዲህ ለአጭር ጎን ፕሪዝሙንም ትራይፖድ ላይ ነው የምተክለው።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት መለካት ይሻላል?

መልስ፦ በጠዋት። አስፋልቱ ከጋለ በኋላ ፕሪዝሙ በመነጽሩ ውስጥ ይጨፍርብሃል።