ሳንባ ታሞ ጉበት ለምን ይነካል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጉንፋን ነው ብለን የናቅነው ነገር ትንፋሽ አሳጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ኮቪድ ነው ተባለ። ስምንት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይተው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጡ። ስንወጣ በተሰጠን የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ 148፣ ኤስጂፒቲ 121 ይላል፤ ሁለቱም አጠገብ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ። ቢሊሩቢን ኖርማል ነው፤ ዓይናቸውም ቢጫ አልሆነም። «ጉበታቸው ትንሽ ተነክቷል፣ ተመልሰው ይታያሉ» ተባልን፤ ሌላ ማብራሪያ አልተሰጠንም። ጎረቤት ይህን ሲሰማ «ጉበት አለባቸው ማለት ነው፣ ብርጭቆ ለዩ» አለን። አክስቴ ደግሞ ሰበታ ለወፍ በሽታ የሚጠጣ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አለ ብለው ሊወስዷቸው ተነስተዋል። ለመሆኑ ሳንባ የታመመ ሰው ጉበቱ ለምን ይነካል? ምንስ እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አባትዎን ለቤታቸው አበቃልዎ። አክስትዎ መልሴን ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ስለማይመስለኝ ከእሳቸው ልጀምር። ሰበታ አትሂዱ። ምን ተቀላቅሎ እንደተሠራ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ የማይታወቅ የሚጠጣ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ገና ባላገገመው ጉበት ላይ ነው፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የባህል መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። ዳማከሴ ቢያሸቱ ቅር አይለኝም። የሚያስፈራኝ የሚጠጣው ነው። ደግሞም ዓይናቸው ቢጫ ካልሆነ፣ ቢሊሩቢኑም (በደም ውስጥ ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ደህና ከሆነ፣ አባትዎ የወፍ በሽታ የለባቸውም።

ብርጭቆውንም መልሱላቸው። ኮቪድ ያስከተለው የጉበት መቆጣት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌላው ቀርቶ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ቢኖርባቸው እንኳ በብርጭቆና አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የእሱ መንገድ ደም፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አለመዋዋስ ይበቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ (አንዳንድ ላቦራቶሪ ኤኤስቲና ኤኤልቲ ብሎ ይጽፋቸዋል) በሕዋሳት ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። በብዙ ላቦራቶሪ ጣሪያቸው 40 አካባቢ ነው። ስለዚህ የአባትዎ የጣሪያውን ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ቀስቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ጉበቱ ሥራውን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ አይነግሩንም። ያንን የምናየው በቢሊሩቢን፣ በአልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው) እና በደም መርጋት ምርመራ ነው። ኤስጂኦቲ ደግሞ በጡንቻም ውስጥ አለ። ቫይረሱ ሰውነታቸውን ሲቆራርጠው ከሰነበተ፣ ከ148ቱ የተወሰነው ከጡንቻ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል በሚተኙ ሰዎች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከባድ ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጭማሪው እንደ አባትዎ መጠነኛ ነው፤ ሳንባው ሲሻለው አብሮ ይወርዳል። በሽታው በበረታ ቁጥር ቁጥሩም ከፍ ይላል። እኔ ከፍ ያለ የጉበት ኢንዛይም ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ሰው ምን ያህል ታሞ ነበር?» ብዬ ነው።

ለምን ይነካል ላሉት ዋናው ምክንያት ኦክስጅን ነው። ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ ወደ ጉበት ይሄዳል። ችግሩ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በአንጀት በኩል ዞሮ፣ ኦክስጅኑን በከፊል አራግፎ ነው። ጉበት በደጉ ቀን እንኳ የተትረፈረፈ ኦክስጅን የለውም። የእናንተን ሰፈር ውሃ ያስቡት፤ ግፊቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ነው። በጉበት ውስጥም ደም ከሚገባበት ርቀው፣ መውጫው አጠገብ ያሉ ሕዋሳት አሉ። ሳንባ ኦክስጅን ማስገባት ሲያቅተው ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የደም ግፊት ጭራሽ ከወረደ ደግሞ ኢንዛይሙ በሺዎች ይቆጠራል። የአባትዎ 121 ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ደስ የሚለው፣ እንዲያ የወጣው እንኳ ደምና ኦክስጅን ሲመለስ በቀናት ውስጥ በፍጥነት መውረድ ይጀምራል።

ሁለተኛው የሰውነት የራሱ ቁጣ ነው። ቫይረሱን ለመዋጋት የሚለቀቁት ኬሚካሎች በደም ተሰራጭተው ጉበትንም ያስቆጣሉ። ቫይረሱ ራሱ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ፤ ድርሻው ግን ከእነዚህ ያነሰ ይመስላል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእጃችሁ ያለው ይሄኛው ነውና። ፓራሲታሞልን ማንም አይፈራውም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ ከተዋጠ 4 ግራም ይሆናል። ያ ለጤነኛ አዋቂ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። በላዩ ላይ ከፋርማሲ የጉንፋን ክኒን ይገዛል፤ አብዛኛው ውስጥ ደግሞ ራሱ ፓራሲታሞል አለ። እንዲህ ነው ሰው ሳያውቀው ጣሪያውን የሚያልፈው። ለቀናት እህል ያልቀመሰ፣ የከሳ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ጣሪያው ከዚህም ዝቅ ይላል። አባትዎ ትኩሳት ወይም ሕመም ካላቸው በቀን ከ4 ፍሬ እንዳያልፉ። ከምንም ነገር ጋር ሳይደርቡ።

ብዙ ሰው ቤት የሚገኘው አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት፣ ማለትም ኦግመንቲን የምንለው፣ ሌላው ተጠርጣሪ ነው። ይህ መድኃኒት ተውጦ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል። ሆስፒታል ወይም ከዚያ በፊት ወስደውት ከሆነ ይመዝግቡት። የስኳርና የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን ግን «ለጉበት ከባድ ነው» ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ። ስኳሩ ከፍ ካለ የባሰ ጣጣ ነው።

አንድ የሚቀረን ጥያቄ አለ፤ ጉበታቸው ከኮቪዱ በፊትስ ደህና ነበር ወይ? ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ጉበቱ ላይ ስብ ይኖራል፤ አያመውም፣ አያውቀውምም። ኢንዛይሙ አልወርድ ካለ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሌላው ሄፓታይተስ ቢ ነው። በእኛ አገር ለሕፃናት ክትባቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የአባትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ባብዛኛው አልተከተበም፤ ተመርምሮም አያውቅም። በከባድ ኮቪድ ኦክስጅን ላይ ላለ ሰው ዴክሳሜታዞን የሚባለውን፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት መስጠት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ሕይወት ያተርፋል፤ ነገር ግን ተኝቶ የነበረን ሄፓታይተስ ቢ አንዳንዴ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ለአጭር ጊዜ ከተሰጠ ስጋቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ደም ይሰጡ። ቀላል ምርመራ ነው። ቢ ከተገኘ እርስዎና የቤተሰቡ አባላትም መመርመር፣ ያልያዘው ደግሞ መከተብ አለበት።

ድጋሚ የጉበት ምርመራውን ከሆስፒታል በወጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ያሠሩ። ከተቻለ እዚያው ላቦራቶሪ፤ ካልተቻለ የድሮውን ወረቀት ይዞ መሄድ። ጤና ጣቢያችሁ ማሽኑ ከሌለው በእናንተ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። የዋጡትን ሁሉ፣ ያለቀውን ካርቶን ሳይቀር፣ በፌስታል አድርገው ይውሰዱ። ለሐኪሙ ከስንት ማብራሪያ ያ ፌስታል ይበልጥበታል።

ምግብ ላይ አልጨነቅም። ለጉበት ተብሎ የሚለይ ምግብ የለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ይስማማቸዋል። ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ማርና ለስላሳ ማብዛት ግን ስኳር ላለበት ሰው አይሆንም። አረቄም፣ ጠላም፣ ጠጅም ይቅር። ጫት ከሚቅሙም ያቁሙ፤ ጫት በራሱ ጉበት ሲጎዳ ታይቷል፤ እኛ አገርም ጭምር።

ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ «የኮቪዱ ትራፊ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አክታ ይመርመርላቸው። ስኳር ያለበት ሰው ለቲቢ የበለጠ ይጋለጣል። የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ጉበት ላይ ከሚከብዱት ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት የጉበቱ ሁኔታ መታወቅ አለበት።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ትውከት አላቆም ካለ፣ ድድ ከደማ ወይም ሆድ ከተነፋ በዚያው ቀን ይሂዱ። ቀን እየተኙ ሌሊት የሚያፈጡ፣ ንግግራቸውም የሚምታታ ከሆነ አሁኑኑ ነው፤ በተለይ ስኳርም ስላለባቸው ወዲያው ስኳራቸው ይለካ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ፣ በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሰውም ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል 93 ሲያዩ ብቻ አይደንግጡ። ደጋግመው ለክተው ከ90 በታች ከሆነ ወይም ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሌሊትም ቢሆን አይደር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችሁ ያለውን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት።